የተማሪው ሐሳብ ለማን ይነገር?

በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረበት ዕለት፣ በሰፈራችን የሚኖር አንድ የ18 ዓመት ልጅ ውጤቱን በእጅ ስልኩ ተመልክቶ ስልኩን ለእኅቱ ሰጣትና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ተኛ። እናቱ «ይውጣለት» ብለው የመጀመሪያውን ቀን ተዉት፤ በማግሥቱ ቡና አፍልተው ጠሩት፤ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ «አይዞህ፣ አንተ ብቻ አይደለህም» እያለ መከረው። ሳምንት ሲያልፍ ምክሩ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደግሞ ቁጣው ወደ ፍርሃት ተለውጦ «ዓይን ነው»፣ «የለም፣ ለክፎት ነው» ይባል ጀመር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁን ምን እንደሚያስብ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም ጎረቤቱ ነኝና ካልጠየቁት አንዱ ነበርሁ።

ይህ ልጅ በእርግጥም ብቻውን እንዳልነበረ ቁጥሩ ይመሰክራል። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ፣ ማለት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ብንወስድ ከ585 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ ማለፊያውን ያገኙት 48,929 ናቸው። የአራቱን ዓመት ስንደምረው፣ ሁለት ጊዜ የተፈተነው ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር ሳንዘነጋ፣ «አላለፍህም» የሚለው ቃል ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ በላይ ለወጣት ጆሮ ደርሷል ማለት ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ አስቀድሜ ልናገር። ፈተናው ጠብቋል ብዬ ለማማረር አልተነሣሁም። ኩረጃ እንደ ሙያ ተቆጥሮ፣ መልሱ ከፈተናው በፊት በስልክ ይዞር የነበረበትን ጊዜ የእኔ እኩዮች እናውቀዋለን፤ ያን ሥርዓት ማቆም ተገቢ ነበር። ለወደቁትም በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሪሜዲያል ትምህርት ለብዙዎች ሁለተኛ በር ከፍቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ብዙ መቶ ሺህ ተማሪ ከየወረዳው በአውቶቡስ አጓጉዞ፣ አልጋ አዘጋጅቶ፣ ቁርስና ራት አብልቶ፣ በጥበቃ አስፈትኖ ወደየቤቱ ለመመለስ የቻለ መንግሥት ነው። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ይሁንና ውጤቱ በተነገረ ማግሥት ለእነዚያው ተማሪዎች «እንዴት አደራችሁ?» የሚል አንድ ሰው በየትምህርት ቤቱ ይቀመጥ የሚል አንቀጽ በመመሪያው ውስጥ ለምን አልገባም?

ነገሩ ከፈተናው የሰፋ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት የታወቁ ነገሮችን ማስታወስ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የአእምሮ ሕመም ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ጨርቁን የጣለ፣ በመንገድ የሚሄድ ጎልማሳ ነው። የሐኪሞች ጥናት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በዕድሜ ዘመን ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ ነው፤ ሦስት አራተኛው ደግሞ ሰውየው 25 ዓመት ሳይደርስ ይጀምራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ በአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ይቸገራል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ በገዛ እጅ ሕይወትን ማጥፋት በዓለም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። በአገራችን ደግሞ ከሕዝቡ ግማሽ የሚሆነው ከ20 ዓመት በታች ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ሰው፣ የአእምሮ ጤና ከሁሉ በፊት የተማሪ ጉዳይ መሆኑን ለመቀበል ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

አገልግሎቱ ግን የተሠራው በተቃራኒው ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከሐረርም ይሁን ከጎንደር በገመድ ታስሮ የመጣ ሕመምተኛ መድረሻው እዚያ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሐኪሞች በዚህ ሙያ በአገራቸው እንዲሠለጥኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የተከፈተው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከካናዳ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ የሚያስተምሩ መምህራን ረድተዋል። ከዚያ ወዲህ ሙያው በግልጽ አድጓል፤ በየክልሉ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተከፍተዋል። ለልጆች ብቻ የቆመ ክፍል ግን ዛሬም ጥቂት ነው። የታወቁት በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ያሉት ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። በልጆች የአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት ያላቸው ሐኪሞች ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነው።

ወረቀቱ አልጎደለንም። ጤና ጥበቃ በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣ፤ ከዚያም ዘመኑ በፈረንጆች ከ2020 እስከ 2025 የነበረ ሁለተኛ ዕቅድ ተከተለ። ሁለቱም አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ይዘዋል። ልዩ ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅ፤ በጤና ጣቢያ ያለውን ነርስና ጤና መኮንን ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች እንዲለይና እንዲያክም እናሠልጥነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ከባዶ የመጣ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረውና በዓለም በሚጠቀሰው ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከቤት ወደ ቤት ሲፈለጉ፣ እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና በዓይናቸው ያላዩ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ተረስቷል እላለሁ። የ15 ዓመት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። የሚሄደው ወባ ሲይዘው ወይም እጁ ሲሰበር ነው፤ ያውም ተወስዶ። ሐሳብ ይዞ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ «ሕይወቴ ምን ያደርግልኛል» እያለ በገዛ እግሩ ተራ ይዞ ካርድ የሚያወጣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጁ በየቀኑ የሚሄድበት አንድ ቤት ብቻ አለ፤ እሱም ትምህርት ቤቱ ነው። የመጀመሪያው በር መከፈት ያለበትም እዚያ ነው።

«እዚያማ አማካሪ አለ» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አለ። እኔ በተማርሁበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ጋይዳንስና ካውንስሊንግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር ነበር። በሩ ላይ ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፎአል። ከውስጥ ያሉት መምህር ትጉና ደግ ሰው ነበሩ፤ ሥራቸው ግን የክፍል ድልድል ማውጣት፣ የዘገየ ተማሪ መመዝገብ፣ የተሰበረ ወንበር መቁጠርና በዓመት አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ማስሞላት ነበር። አርፍዶ የመጣውን የሚቀጣው ሰውና ምስጢር የሚነገረው ሰው አንድ ሰው ከሆነ፣ ማንም ተማሪ ምስጢሩን ይዞ አይገባም። ሌላም ነገር ነበረ። ክፍሉ በቀጭን ጣውላ ከመምህራን ማረፊያ የተለየ ስለሆነ፣ በአንዱ በኩል የተነገረው በሌላው በኩል ሻይ እየተጠጣበት ይሰማ ነበር።

በዩኒቨርሲቲም ያየሁት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሁለተኛ ዓመቴ በአንድ ዶርም አብሮኝ ያድር የነበረ ወዳጄ፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣ፣ ከሁላችንም የተሻለ ጭንቅላት የነበረው ልጅ፣ ቀስ በቀስ ከክፍል ቀረ። መጀመሪያ የጧቱን ትምህርት፣ ቀጥሎ ምሳ ቤት መሄድ፣ በመጨረሻም መታጠብን ተወ። ሌሊት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን ሲመለከት አገኘው ነበር። እኛ ጓደኞቹ ያደረግነው ነገር በየተራ እንጀራ ማምጣትና በየተራ መቀለድ ነው። አንድ ቀን ወደ አማካሪው ቢሮ ይዤው ሄድሁ፤ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዘንድ ነው ተባልን። በግማሽ ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። የማቋረጫውን ቅጽ ሲሞላ አጠገቡ ነበርሁ፤ «ምክንያት» በሚለው መሥመር ላይ «የግል ጉዳይ» ብሎ ጻፈ። በየዓመቱ ስንት ተማሪ በዚህ በ«የግል ጉዳይ» ስም ከትምህርት ገበታ እንደሚነሣ የሚቆጥር መዝገብ ያለ አይመስለኝም። ይህ ቁጥር ቢያዝ ከፈተናው ቁጥር ያላነሰ ያስደነግጠን ነበር።

ወደ ሰፈራችን ልጅ ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት የፊዚክስ መምህሩ፣ በራሳቸው ተነሣሥተው፣ ቤቱ ድረስ መጡ። ከእናቱ ጋር ቡና ጠጡና «እስቲ እኔና እሱ ብቻችንን እንሁን» አሉ። ሁለት ሰዓት ቆዩ። ኋላ ልጁ ራሱ እንደነገረኝ መምህሩ አልመከሩትም፤ ጠየቁት እንጂ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንቅልፍ የማትተኛው?» ብለው ሲጠይቁት «ከየካቲት» አላቸው። ማለት ከፈተናው አራትና አምስት ወር በፊት ነው። ውጤቱ የመጨረሻው ነገር እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። እኛ «ስለ ወደቀ ታመመ» ስንል የነበረው፣ ነገሩ «ስለ ታመመ ወደቀ» ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረንም። መምህሩም አንድ ነገር ጨመሩ፤ በዚያው በየካቲት ልጁ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ «እንቅልፋም» ብለው ሁለት ጊዜ አስወጥተውት እንደነበረ ትዝ አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

እንደኔ አሳብ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በየካቲት ወር በሽታውን በዓይኑ ያየ ሰው ነበረ፤ ያየውን ነገር ግን የሚጠራበት ስም አልነበረውም። ቋንቋችን ለልጅ ጠባይ ያዘጋጃቸው ስሞች ሰነፍ፣ ባለጌ፣ ፈዛዛ፣ ቁጡ፣ እንቅልፋም የሚሉ ናቸው፤ ሁሉም ጥፋት እንጂ ሕመም አያመለክቱም። ከዚያ አልፎ ሲብስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ «እብደት» እንዘልላለን። በሰነፍና በእብድ መካከል ያለው ሰፊ አገር፣ አብዛኛው ሕመም የሚገኝበት አገር፣ ስም የለውም። «ልጅ ደግሞ ምን ሐሳብ አለበት!» የሚለው አነጋገርም በዚሁ ላይ ይታከላል፤ ልጅ በልቶ ካደረ ሐሳብ የለውም ብለን እናምናለን።

አስተማሪው ሐኪም ይሁን ማለቴ አይደለም። ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ማንም ልጅ አንድ ቀን ይከፋዋል፣ ይቆጣል፣ ይተኛል፤ ይህ ሕመም አይደለም። ነገር ግን ኀዘኑ ወይም ጭንቀቱ ቀኑን ሙሉ እየዋለ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ልጁ ይወድደው ከነበረው ጨዋታና ጓደኛ ከራቀ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተለወጠ፣ የነበረው ውጤት ያለ ምክንያት ከወረደ፣ «እኔ ለማንም አልጠቅምም» የሚል ቃል ካወጣ፣ ያን ጊዜ ለብቻው አስቀምጦ መጠየቅ ይገባል። «የመሞት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅም ነውር አይደለም። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ በልጁ ልብ መዝራት ይመስለዋል። በዚህ ላይ የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መጠየቁ ሐሳቡን እንደማይዘራ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ሸክሙ ይቀልለዋል። አዎን ያለ ልጅ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛ ልጆች ግን የደበቁት ወድደው አይደለም፤ የሚነግሩት አጥተው ነው።

ይህን በድኻ አገር ማድረግ አይቻልም የሚል ካለ የዚምባብዌን ነገር ይመልከት። በዚያ አገር ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ወጣት ሕመምተኛ ነበረቻቸው፤ የምትኖረው ከሆስፒታሉ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው። ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር አጥታ ወደ ቀጠሮዋ ሳትመጣ ቀረችና ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ሐኪሙ ይህን ነገር በአደባባይ ደጋግመው ተናግረውታል። ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ ምክሩ ወደ ሕመምተኛው መሄድ አለበት ብለው በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ ሥራ ጀመሩ። ገንዘብም ሕንፃም ስላልነበራቸው በየጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር አንድ አንድ አግዳሚ ወንበር አኖሩ፤ በወንበሩም ላይ ሐኪም ሳይሆን በሰፈሩ የታወቁ፣ ጥቂት ሥልጠና የተሰጣቸው አያቶችን አስቀመጡ። የወዳጅነት ወንበር የሚል ስምም ሰጡት።

እነዚያ አያቶች «ዲፕሬሽን» የሚል ቃል አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ ትርጕሙ «ሐሳብ ማብዛት» ነው። የእኛም እናቶች «ሐሳብ አብዝቶ ነው»፣ «ሐሳብ ገባው» እንደሚሉት ማለት ነው። አንዷ አያት የምትሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ችግሮችህን ሁሉ ንገረኝ ትላለች፤ ከሁሉ አንዱን ብቻ አብረው ይመርጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለዚያ ስለ አንዱ ምን እንደሚደረግ ይመክራሉ፤ ተመልሶም እንዲመጣ ትቀጥረዋለች። ይህ ዘዴ በ24 የሐራሬ ጤና ጣቢያዎች በ573 ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ውጤቱ ሲወጣ፣ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት በብዙ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ኋላም ወጣቶች ለወጣቶች የሚቀመጡበት ወንበር ተጨመረ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወንበር ሁሉን አይፈውስም። በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚጀምር፣ ድምፅ የሚያሰማ፣ ያልሆነውን ሆነ የሚያሰኝ ከባድ ሕመም አለ፤ ይህ መድኃኒትና ሐኪም ይፈልጋል፤ በዘገየ መጠንም ለማዳን ይከብዳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ቤት ውስጥ ማሰር ወይም ከአንድ ጠበል ወደ ሌላ ሲያዞሩ ሁለትና ሦስት ዓመት ማሳለፍ የልጁን ዕድሜ ማባከን ነው። ይህን ስል ጠበሉን ለማቃለል አይደለም። በአዲስ አበባ በአንድ የታወቀ የጠበል ቦታ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው፣ ሕመምተኛው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ እንዲወስድ አድርገዋል፤ ሥራቸውም ተጠንቶ ተጽፎአል። ወላጅ ከሁለት አንዱን ምረጥ ባልተባለበት ቦታ ልጁ ቶሎ ወደ ሕክምና ይደርሳል።

ስም መስጠት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በአገራችን በዓይናችን አይተናል። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከጥቂት ሐኪሞች በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ልጇን ደብቃ ታሳድግ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በ2013 ዓ.ም. በሞት እስከ ተለየችን ድረስ፣ የራሷን ልጅ ይዛ በአደባባይ ወጣች፤ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቋመች፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ሳትታክት ተናገረች። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሏት። የዓለም የጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ትምህርትም በአዲስ አበባና በቡታጅራ ገጠር ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች አማካይነት ተሞክሯል። አንዲት እናት የጀመረችው ነገር ነው። ዛሬ በከተማችን ኦቲዝም ሲባል «እርግማን» የሚለው ሰው ቁጥር ቀንሷል።

በሰሜን ያሉትን ልጆች ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ነውር ይሆንብኛል። በትግራይ መጀመሪያ በኮሮና ኋላም በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ተቋርጦ ነበር፤ በአማራና በአፋርም ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ የተፈናቀሉትም ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት መልሶ መክፈት ራሱ የሕክምና መጀመሪያ ነው፤ ቀኑ ሰዓት ያለው፣ ነገ የሚጠበቅ ነገር ያለው ያደርግላቸዋልና። ግን ጥቁር ሰሌዳ ሲተከል፣ የተኩስ ድምፅ የሰማው ልጅ በር በተገጨ ቍጥር ለምን እንደሚደነግጥ የሚያውቅ አስተማሪም አብሮ መተከል አለበት።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ በትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጽሕፈት ቤት፣ በወረዳ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ እኩዮቼ አሉ፤ ንግግሬ ለእነሱ ነው። የምለምነው አዲስ ሆስፒታል አይደለም። ዘመቻም አይደለም፤ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር ካናቴራ ይታተማል፣ መፈክር ይሰቀላል፣ በማግሥቱም ካናቴራው ለቤት መወልወያ ይሆናል። የምለምነው ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ በር የሚዘጋ ክፍል ነው። የማስተማሪያ ሰዓቱ በግማሽ የተቀነሰለት፣ መቅጣትና መመዝገብ የማይመለከተው አንድ መምህር ነው። ተማሪው የነገረው ነገር፣ የሕይወት አደጋ ከሌለበት በቀር፣ ለዲሬክተሩም ለወላጅም እንደማይነገር የሚያጸና አንድ ገጽ ደንብ ነው። በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ደግሞ በስም የታወቀ አንድ የሠለጠነ ነርስ ይኑር፤ መምህሩ ስልኩን ይዞ ይቀመጥ፤ «ሂድና ታከም» ብሎ ልጁን በበር ከማሰናበት ይልቅ ነገ በሦስት ሰዓት ይጠብቅሃል ይበለው። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ለማሰማራት የቻለ አገር ይህን አይሳነውም። ወጪው ከሁሉ ይበልጥ የሰዓት ወጪ ነው፤ ሰዓት ደግሞ በድልድል ወረቀት ላይ የሚገኝ ነገር ነው፤ ድልድሉንም የሚያጸድቁት እናንተ ናችሁ።

መምህራን ቸግሮናል፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ እንኳ አልበቃንም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ መልሱም እውነት አለበት። ነገር ግን ከየካቲት ጀምሮ እንቅልፍ ያልተኛ ልጅ ፊት የቆመ የፊዚክስ መምህር ለማን እያስተማረ ነው? ሰዓቱ እንደሆነ እንዲያውም ባክኗል።

የሰፈራችን ልጅ በመምህሩ አግባቢነት ጤና ጣቢያ ሄደ፤ እዚያ ያገኛት ነርስ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደች ስለሆነች እሷው ትከታተለዋለች። ለሁለተኛ ጊዜ ሊፈተን በማታ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል። ቀጠሮው ማክሰኞ ማክሰኞ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ሰዓቱ ከትምህርቱ ጋር ይጋጫል። ባለፈው ጊዜ ፈቃድ ለመጠየቅ ሲሄድ አብሬው ነበርሁ። በቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መሥመር አለ፤ እስክሪብቶውን ይዞ ጥቂት ቆመና «ሕክምና» ብሎ ጻፈ። በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ጸሓፊ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ምንህን ነው የሚያምህ፣ ልጄ?» አሉት። «እንቅልፍ አልተኛም ነበር፤ አሁን ትንሽ ተሽሎኛል» አላቸው። ማኅተሙን መቱለትና «እግዜር ይማርህ» ብለው ሰጡት።